ስድስት ቅልጥም፣ ሰባት ልጅ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ዓምድዎን የማነበው ሌሊት ሥራ ላይ፣ የምንከባከባቸው አረጋውያን ከተኙ በኋላ ነው። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ይኸው ጻፍኩ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 39 ዓመቴ ነው። ከመጀመሪያው ባሌ ጋር ከተፋታን ስድስት ዓመት አልፎናል፤ እሱ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ እሁድ እሁድ ለልጆቹ ይደውላል። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 14፣ ወንዶቹ 11 እና 7። የአሁኑ ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። የልጆቹ እናት ታማ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። የእሱ አራት ናቸው፤ ትልቁ ወንድ 16፣ ሴቶቹ 13 እና 10፣ ትንሹ 8። ከተጋባን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነን ነው። ዘጠኝ ሰው ሁለት ሻወር ባለው ቤት ውስጥ ማለት ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። አውቶቡስ ስለሚነዳ ደቂቃ ቆጣሪ ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ባለፈው የገና ዕረፍት በረዶው ቤት ዘግቶብን ሳለ ከላይብረሪ ያመጣነውን አንድ የድሮ ኮሜዲ አየን። «ዩርስ፣ ማይን ኤንድ አወርስ» ይባላል፤ «ያንቺ፣ የኔና የኛ» እንደ ማለት ነው። ስምንት ልጆች ያሏት ባሏ የሞተባት ሴትና ዐሥር ልጆች ያሉት፣ ሚስቱ የሞተችበት የባሕር ኃይል መኮንን ይጋባሉ። ሰባቱም ልጆች በአንድ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ሶፋው ላይ የማን ልጅ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ እንኳ አልለየሁም። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከደስታ ብዛት።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ፊልሙን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ልክ እንደ መኮንኑ ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥርና ቀለም ሰጠ። ፎጣው፣ ኩባያው፣ የጥርስ ብሩሹ ሁሉ በቀለም ሆነ። ፍሪጁ ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ ተለጠፈ፤ ሻወር ለአንድ ሰው ስድስት ደቂቃ። ልጆቹ ሁለት ሳምንት እንደ ጨዋታ ወሰዱት፤ ኋላ ግን ትልልቆቹ ማጉረምረም ጀመሩ።

ፋሲካ ደረሰ። ከሁዳዴ መልስ ነውና ሦስት ዶሮ ሠራሁ። ሦስት ዶሮ ስድስት ቅልጥም ነው ያለው፣ ልጆቹ ሰባት ናቸው። ሳወጣ ልብ አላልኩም። ከትንሹ ልጄ ጀምሬ በተቀመጡበት ሳዳርስ በመጨረሻ ቁጥር 5 ጋ፣ ማለትም የባለቤቴ የ10 ዓመቷ ልጅ ጋ ስደርስ ቅልጥሙ አለቀና ክንፍ አወጣሁላት። ሳህኗን አየችና ቀስ ብላ «እማዬ ቅልጥሙን ሁልጊዜ ለኔ ነበር የምትሰጠኝ» አለች። ተነሥታ ወደ ፎቅ ወጣች። ትልቁ ወንድሟ ሰንጠረዡን ከፍሪጁ ላይ ገነጠለና «ይሄ ፊልም አይደለም» አለ። አባቱ ተቆጣ። «አሁኑኑ እማዬ ብለህ ይቅርታ ጠይቃት!» ልጁ «እማዬ ሞታለች» ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ። የእኔ ትልቋ ዝም ብላ ትበላ ነበር። ዶሮው እዚያው ቀዘቀዘ።

ባለቤቴ አሁን መፍትሔ የሚለው ሦስት ነገር ነው። የኛ የሆነ ልጅ እንውለድ፣ ፊልሙ ላይ ሁለቱን ቤት ያገናኘው እሱ ነው ይላል። ሰባቱም እማዬና አባዬ ብለው ይጥሩን ይላል። በሚመጣው የትምህርት ዘመን ደግሞ ሁሉም በእሱ አያት ስም ይመዝገቡ ይላል፤ ትምህርት ቤቱ «ላስት ኔም» ባለ ቁጥር ግራ ይገባናልና። በዚህ መሀል እህቱ ከአዲስ አበባ ደውላ «ከእንጀራ እናት ምን ትጠብቃለህ?» ስትለው በስፒከር ሰማሁ።

ምን ይሉኛል? ልውለድ? ስሙንስ እሺ ልበል? ከሁሉም በላይ ግን ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን ዕለት እጄ እውነት ሳያውቅ ነው ወይ?

የሰባት ልጆች እናት (ወይስ የሦስት?)፣ ከአሌክሳንድሪያ

*

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሌሎቹ ይቆያሉ፣ እሱ ግን እንቅልፍ ነሥቶሻል።

እጅሽ ሳያውቅ አይቀርም። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ለዓመታት ከድስት ውስጥ እየፈለገ ለሦስት ልጆች ሲያወጣ የኖረ እጅ መንገዱን ለምዷል። ማን ቆዳውን ገፎ እንደሚተው፣ ማን መረቅ እንደሚበዛበት ጠንቅቆ ያውቃል። የዚያችን ልጅ ልማድ የሚያውቀው እጅ ግን ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ያን ዕለት ክንፉን ስታይ የታያት እሱ ይመስለኛል። እንግዲህ ይህን ይዘሽ «አላስተዋልኩም ነበር» ብትያት እውነትሽን ነው፤ ግን አስቢው፣ አለማስተዋልሽ ነው ያስከፋት። «አላየሁሽም» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ጉዳቱን መድገም ይሆናል።

ሰባቱንም እኩል ውደጂ የሚልሽ ካለ እሺ ብለሽ እለፊው። ሦስቱን ከሆድሽ ጀምሮ ታውቂያቸዋለሽ፤ አራቱን የምታውቂያቸው ገና ጥቂት ዓመት ነው። መውደድ በጊዜው ይመጣል፣ ወይም በመጠኑ ይመጣል። እኩል ማካፈልን ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ማድረግ ይቻላል፤ እሱ ልብሽን አይጠብቅም። እኔ ያደግሁበት ቤት ዘጠኝ ልጆች ነበርን። እናታችን የዶሮውን እንቁላል በነፍስ ወከፍ ነበር የምትቆጥረው፤ በእንቁላል ተጣልተን አናውቅም። ጠባችን ሁሉ በብልቱ ነበር። 12 ብልት ለ11 ሰው የሚተርፍ ይመስላል፤ ፈረሰኛው የአባታችን መሆኑ እስኪታወስና አንገት የሚፈልግ እስኪጠፋ ድረስ ነው እንጂ። እናታችን ታዲያ በልቧ ደብተር ይዛ ነበር፤ ባለፈው በዓል ቅልጥም የደረሰው በዚህኛው አይደርሰውም። አድልዎ አልነበረባትም አልልም፤ ሦስተኛውን ወንድሜን ከሁላችንም አብልጣ እንደምትወድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ደብተሩ ግን አልተዛባም። ይቅር ያልናትም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ፤ ባለቤትሽ እንደ መመሪያ ይዞታልና። እኔም የምወደው ፊልም ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ እናትየዋ ሉሲል ቦል፣ መኮንኑ ሄንሪ ፎንዳ። ታሪኩ የተወሰደው ከእውነተኛ ቤተሰብ ነው። ባሏ የሞተባት የስምንት ልጆች እናትና ሚስቱ የሞተችበት የዐሥር ልጆች አባት በ1961 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጋቡ፤ ኋላም ሁለት ወልደው ልጆቹ 20 ሞሉ። ለፊልሙ መነሻ የሆነውን ትዝታዋን እናትየዋ ራሷ በመጽሐፍ ጽፋ በ1965 አሳትማለች። የመጽሐፉን ርእስ በእኛ ቋንቋ ብንመልሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? «ቅልጥሙ ለማን ይደርሳል?»

ቀልዴን አይደለም። ያን ሁሉ ልጅ ያሳደገች ሴት፣ ካየችው መከራና ሳቅ ሁሉ መርጣ በሽፋኑ ላይ ያወጣችው ያንቺን የፋሲካ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ቅልጥም አዛባሁ ብለሽ ራስሽን ከሰው በታች አታውርጂ።

ሌላም ልጨምርልሽ፤ ይህኛው ያን ያህል አያስቅም። ከእነዚያ ልጆች አንዱ አድጎ በጻፈው መጽሐፍ፣ የቤታቸው ኑሮ ፊልሙ እንዳሳየው እንዳልነበር ተናግሯል። እዚህ ያነሣሁት ባለቤትሽ ፊልሙን እንዲጠላ አይደለም። ሁለት ሰዓት የማይሞላ ኮሜዲ የአንድን ቤት ዓመታት ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚቆርጠው ልጆቹ ለብቻቸው የሆኑበትን ሰዓት ነው፤ ለዚያ ነው።

እስኪ አንዱን ትዕይንት አስታውሺ። ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እራት ስትመጣ የመኮንኑ ትልልቅ ወንዶች ልጆች በመጠጧ ውስጥ ጠንካራ አልኮል በድብቅ ይጨምሩባታል። ሰክራ ስትስቅ ስታለቅስ እኛም ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ግን እነዚያ ልጆች ምን አድርገው ነው? በእናታቸው ወንበር የምትቀመጠዋን ሴት ለማባረር ነው የሞከሩት። የ16 ዓመቱ ልጅሽም (ልጅሽ ልበለው፣ አንቺም በፊርማሽ ስለጠየቅሽ) የዚያኑ ዓይነት ነገር ነው ያደረገው፤ መርዙ ያነሰ ነው እንጂ። ወረቀት ቀደደ። አንቺን አልሰደበም። ለእህቱ ቆመ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ከማዕዱ ላይ ከተነገረው ሁሉ ትልቁ ቃል የእሱ ሆኖ አገኘሁት፤ «እማዬ ሞታለች»። አባቱ ትእዛዝ ሲሰጥ ልጁ መርዶ ነገረው። እንደ ስድብ ወስዳችሁት ከሆነ መልሳችሁ ስሙት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የልጆቹ እናት ፎቶ ቤታችሁ ውስጥ የት ነው ያለው? ሳሎን ነው? የአባትየው መሳቢያ ውስጥ ነው? ወይስ ወደዚህ ቤት ስትገቡ የታሸገ ካርቶን ውስጥ እንዳለ ቀረ? ሙት ዓመቷስ ሲደርስ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን እኔ አላውቀውም። «ለአዲሷ ሚስት እንዳይከብዳት» ተብሎ ፎቶው ተነሥቶ ከሆነ ግን እነዚያ አራት ልጆች ሐዘናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ የላቸውም፤ ቅልጥም ላይ ሲያሳርፉት አይግረምሽ። ትልቁን ልጅ ለብቻው አግኝተሽ «የእናታችሁን ፎቶ ሳሎን ብንሰቅለው ደስ ይለኛል፤ ቦታውን አንተ ምረጥ» በይው። ሙት ዓመቷ ሲመጣ ዳቦውን አንቺ ድፊላቸው። ማንም እህት ከስፒከር ውስጥ የምትለው ነገር ከዚያ ዳቦ አይበልጥም። የእሷን ነገር በዚሁ ተዪው፤ እህቱ ናት፣ ራሱ ይመልስላት።

ስለ ስም ስናወራ ፊልሙ ራሱ ባለቤትሽን አይደግፈውም። ከሴትየዋ ልጆች አንዱ፣ ፊሊፕ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በእንጀራ አባቱ ስም ካልተጠራሁ ብሎ ከመምህርቱ ጋር ሲጋጭ ታስታውሻለሽ? ወላጆቹ አንዳቸው የሌላውን ልጆች በሕግ ወደ ማሳደግ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን የፈለገው ልጁ ነው። ማንም ደንብ አላወጣበትም። ደግሞም በዚያ አገር የቤተሰብ ስም ብዙውን ጊዜ ለሁሉም አንድ ነው፤ ልጁ የተለየ ስም መያዙ ከቤቱ ውጭ እንደ ቆመ ያስቆጥረዋል። በእኛ ዘንድ ግን አንቺና እናትሽ እንኳ ስማችሁ አይገናኝም፤ ይህን ብሎ የተለያየ ቤተሰብ ያደረጋችሁ የለም። የልጆችሽ ሁለተኛ ስም አባታቸው ነው። አባታቸው ደግሞ በሕይወት አለ፤ እሁድ እሁድ ይደውላል። ፊልሙ ላይ ይህ ሰው የለም፤ ሁለቱም ወገን ሟች ስለነበር ነገሩ ቀሎላቸዋል። ልጆችሽን ከአባታቸው ስም ብታነሺያቸው በሚቀጥለው እሁድ ስልኩን አንሥተው ምን ይሉታል? ሕጋዊ ጣጣውን ጠበቃ ይነግራችኋል። እኔ የምጨነቀው ለዚያች የስልክ ሰዓት ነው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ግራ ቢገባት ይግባት፤ ያን ሰፈር ሐበሻ ሞልቶታል፣ ለምዳዋለች።

አጠራሩን በተመለከተ ደግሞ ባለቤትሽ በእንግሊዝኛው አሰበው እንጂ በአማርኛ መውጫው ሰፊ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ ወይ «ማሚ» ይላል ወይ ስም ይጠራል፤ በመሀል ብዙ ነገር የለውም። እኛ ጋ ግን እትዬ አለ፣ እታለም አለ፣ ጋሼ አለ፣ አባባ አለ። የገዛ እናታቸውን እትዬ እያሉ ያደጉ ስንት ሰዎች አውቃለሁ! እማዬ የሚለው ቃል በእነዚያ አራት ልጆች አፍ ባለቤት አለው። ባለቤቱ አርፏል ተብሎ ለሌላ አይሰጥም። ስለዚህ «እማዬ በሉኝ አልልም፤ ባዶ ስሜን መጥራት ግን በእኛ ባህል ይከብዳል። እናንተ ምረጡልኝ» በያቸው። ትንሹ የ8 ዓመቱ ልጅ እማዬን ቢመርጥ ደስ ይበልሽ፤ የ16 ዓመቱ እትዬን ቢመርጥም ደስ ይበልሽ። የአንቺም ልጆች ባለቤትሽን ጋሼ ቢሉት አያንሰውም።

ስለ መውለድ። እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ የማንም ሰው ጉዳይ አይደለምና፣ የእኔም ጭምር። ፊልሙ ላይ ሕፃኑ የሚመጣው መጨረሻው አካባቢ ነው፤ ተሰዳድበው፣ ተኳርፈው፣ ገበታ ተካፍለው ካለቁ በኋላ። ሁለት ቤት እንዲያጣብቅ ተብሎ የተወለደ ልጅ ሥራውን ሳያውቅ ሥራ ተሰጥቶት ነው የሚመጣው። ቤቱ ባይጣበቅስ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? አንድ ሌሊት ሥራ ላይ፣ ጸጥ ሲል፣ ራስሽን ይህን ጠይቂ፦ ሰባቱም ልጆች ሰላም ቢሆኑ፣ ፋሲካው ያለ ጠብ አልፎ ቢሆን፣ እኔ ልጅ እፈልግ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ከባለቤትሽ ጋር በደስታ ተነጋገሪበት፤ 39 ዓመት ነውና ሐኪምሽንም ቶሎ አማክሪ። መልሱ አይ ከሆነ አይ በዪ። «እስኪ እናያለን» እያልሽ አታሳድሪው፤ ተስፋ እያደረገ ነው።

እሱን ስትጠይቂው ግን ከፊልሙ አትጀምሪ። ቀጠሮ የሚወድ ሰው ነው፣ ቀጠሮ ያዢለት፤ ልጆቹ በሌሉበት፣ መኪና ውስጥም ቢሆን። መጀመሪያ አመስግኚው። ሰባቱን በአንድ ሶፋ ላይ ያሳቀ እሱ ነው፤ ሰንጠረዡንም የሠራው ያ ሳቅ እንዳያልፍበት ብሎ ይመስለኛል። ከዚያ «ልጅ ብንወልድ ምን ይለወጣል ብለህ ነው የምታስበው?» በይውና አድምጪ። መልሱን አትሙይለት። ሚስቱን የቀበረ ሰው ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ለአራት ልጆች ሰዓት ሲቆጥር የኖረ። ምናልባት ከሰንጠረዡ ሥር ያለው ፍርሃት ነው፤ ይህም ቤት እንዳይፈርስበት። ፊልሙ ላይ መኮንኑ ለትልቋ የእንጀራ ልጁ ስለ ፍቅር የሚነግራትን አስታውሺው። ጠዋት ተነሥቶ ተራውን ኑሮ አብሮ መጋፈጥ ነው ይላታል፤ ሳህን ማጠብ፣ የጥርስ ሐኪም ጋ መመላለስ፣ ጫማ ማሠራት። ይህን የሚለው ሚስቱ ምጥ ይዟት፣ ሊወስዳት ሲጣደፍ ነው! ባለቤትሽ ከፊልሙ አንድ ነገር ብቻ መያዝ ካለበት እሱን ይያዝ።

ሰንጠረዡን ሙሉ በሙሉ አትጣሉት። ሁለት ሻወር ለዘጠኝ ሰው ያለ ደንብ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ባለቤትሽ ልክ ነው። ቁጥሩ ግን ይቅር። አዲሱን የ16 ዓመቱ ልጅና ያንቺ የ14 ዓመቷ አብረው ያውጡት፤ እናንተ የምትሉት ጠዋት ማን በስንት ሰዓት መውጣት እንዳለበት ብቻ ይሁን። ምናልባት ስድስቱን ደቂቃ አምስት ያደርጉታል፤ ልጆች ሲያወጡት ከወላጅ ይብሳሉ። ቁጣን በተመለከተ ደግሞ ለጊዜው እያንዳንዳችሁ የወለዳችሁትን ተቆጡ። አንቺ በእሱ ልጆች ላይ ዳኛ ለመሆን ገና ነሽ፤ እሱም በአንቺ ስም ይቅርታ አስጠያቂ አይሁን። ያን ምሽት ልጁን እንዲያ በሰው ፊት ከማዘዝ ይልቅ ተከትሎት ቢወጣ ኖሮ ምን ይባባሉ ነበር? አሁንም አልዘገየም። ልጁ ትምህርት ላይ ከቀነሰ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ወይም ከክፍሉ አልወጣ ካለ የትምህርት ቤቱን አማካሪ አነጋግሩ። ሐዘን በ12 ዓመት ሲመጣና በ16 ሲመጣ አንድ አይደለም፤ ትልቅ በሆነ ቁጥር እንደ አዲስ ያዝናል።

ስለ ትልቋ ልጅሽ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽልኝ፤ ዝም ብላ ትበላ ነበር ብለሽ። እኔን ያሳሰበችኝ እሷ ናት። ቤቱ ሲንጫጫ ዝም ብላ የምትበላ የ14 ዓመት ልጅ ወይ ሰላም ናት፣ ወይ «እኔ ችግር ካልጨመርኩ እናቴ ትተርፋለች» ብላ ወስናለች። የትኛዋ እንደሆነች ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ ከሥራ መልስ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ያለችውን ሩብ ሰዓት ለእሷ ስጫት። ስለ ቤቱ አትጠይቂያት። ጸጉሯን ሥሪላት።

የቀረችው ትንሿ ናት። እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም፤ ዶሮ ለመሥራት ሌላ በዓል መጠበቅ አያስፈልግሽም። የመጪው ቅዳሜ ዶሮ ልትገዢ ስትሄጂ እሷን ብቻ ይዘሻት ሂጂ። አሜሪካ ቅልጥም ብቻውን በፓኬት እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ ሰባተኛውን ቅልጥም ማግኘት ከባድ አይደለም። ያን ዕለት ግን እሱን አትግዢ። መኪና ውስጥ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ እንዲህ በያት፦ «በፋሲካ ቅልጥሙን ላንቺ አላወጣሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። እናትሽ ዶሮ ስትሠራ እንዴት እንደምታደርግ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።» እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን» የሚባል ቃል አትጨምሪ፤ ስድስት ብቻ ነበር እኮ አትበዪ። ዝም ካለች አብረሻት ዝም በይ። ከተናገረች፣ እናትየው ቁሌቱን ከአንቺ አብልጣ ታበስል ነበር ብትልሽም፣ ስሚያት። ቤት ስትደርሱ ከአጠገብሽ ትቁም፤ የመጀመሪያውን ሳህን እሷ ታውጣ፣ ለማንም ታውጣ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በደብዳቤሽ ውስጥ የልጆቹን ስም አልጻፍሽም፤ መልካም አድርገሻል፣ ዓምዱም አያወጣውም። ይህችኛዋን ግን መጀመሪያ ስታነሻት «ቁጥር 5» ብለሽ ነው የጻፍሻት። ቅዳሜ ጠዋት ከፎቅ ስትጠሪያት በስሟ ጥሪያት።